የሐጂ መሕሙድ ወይፈኖች

ሸረፈዲን ያን ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ወጥቶ ጫማውን ለማጥለቅ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ሰዉ ወደ ሾላው ዛፍ ሲያመራ እሱ የጫማውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ከሾላው ሥር ምን እንደሚጠየቅ ያውቃል። ምን እንደሚመልስ ግን ገና ከልቡ ጋር አልተስማማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኩታበር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት የምታስኬደው የነሸረፈዲን መንደር ጀርባዋን ሰንበሌጤ ለሚባል ተራራ ሰጥታ የተቀመጠች ናት። ሰንበሌጤ ተባለ እንጂ ተራራው ሰንበሌጥ ሣር ካበቀለ ዘመን አልፎት ነበር። ከብቱ ግጦ ግጦ አጥንቱን አውጥቶታል። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ እየተናደ ማሳ ላይ ይተኛል። በጋ ሲሆን ከሥሩ ያለችው ምንጭ ገና በጥር ትነጥፍና ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ይንከራተታሉ። ሸረፈዲን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቶ ሁለት ዓመት ክር ሲያጠነጥን የኖረው የአባቱ ማሳ ድንጋይ ብቻ ስለቀረለት ነው።

እናቱ ብቻዋን ስትሆን ጊዜ ፋብሪካውን ጥሎ ተመልሶ በመጣበት ዓመት ለይላ መጣች። የደሴ ልጅ፣ የሰኞ ገበያው የጨርቅ ነጋዴ የሐጂ መሕሙድ ልጅ፣ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ ሆና ተመድባ። በነጭ ሸራ ጫማ አቀበቱን ስትወጣ ያዩዋት ሁሉ ከሳምንት አትዘልም አሉ። ሦስት ዓመት ቆየች። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ፣ ሠርግ ቤት አጨብጭባ፣ ተራራው ከልቅ ግጦሽ እንዲከለል የመንደሩን ቂሬ አሳመነች። ቂሬው ሙቱን የሚቀብር፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ፣ እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀመጥበት ማኅበር ነው፤ ቂሬ የወሰነውን ማንም አይሽረውም።

ውሉን በተዋዋሉ ቀን አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ ድሃው በሁለት ፍየሉ ሲቀጣ በየቤቱ ለማድለብ የተሰጡት የከተማ ሀብታሞች ከብቶች ሲገቡስ ምን ሊደረግ ነው፣ እነሱ እንደሁ ገንዘባቸውን ወርውረው በማግስቱ ይመለሳሉ ብለው ጠየቁ። ለይላ መልስ ለመስጠት አልዘገየችም።

«እንግዲያ ቅጣቱ በገንዘብ አይሁን» አለች። «ከብቱ የገባበት ሰው ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ሦስት ቀን የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ይቆፍራል። ወኪል የለም። ወላሂ፣ የአባቴ ከብት ቢሆን አባቴ ይቆፍራል።»

ያን ቀን ነው እጅ ሁሉ የተነሣው። ያን ቀን ነው ሸረፈዲንም የወደዳት። የተራራው ጠባቂ አድርገው ሲመርጡት እምቢ ያላለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለተራራው ብቻ ብሎ አይደለም።

ፍቅራቸው በሲባጎ የተያዘ ነው ይላል ጎረቤቱ ጋሹ። እርከን ሲቀየስ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ በመካከላቸው አሥር ሜትር ሲባጎ ይወጠራል፤ ከሲባጎው ወገብ ላይ የውሃ ልክ ይንጠለጠላል። ሦስተኛው ሰው፣ ጋሹ፣ በውሃ ልኩ ውስጥ ያለችው አረፋ መሐል እስክትቆም ድረስ ውጣ፣ ውረድ እያለ ያዛል። ለይላ በአንዱ ጫፍ፣ ሸረፈዲን በሌላው፣ ሁለት በጋ ሙሉ ተያዩ። ሥራ ነውና ማንም ምንም ሊላቸው አይችልም። አንዳንዴ አረፋዋ መሐል ከቆመች በኋላም ሁለቱ ከቆሙበት አይነቃነቁም ነበር፤ ያኔ ጋሹ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት ረቡዕ፣ ለይላ ለአንድ ወር ሥልጠና ኮምቦልቻ ወርዳ ሳለች፣ ሁለት ወይፈኖች የጋሹን በረት ጥሰው ሰንበሌጤ ገቡ። ሸረፈዲን ሮጦ እስኪደርስ ወገብ ያህል የቆመውን ሣር ጨፈላልቀው፣ አምና የተተከለውን የወይራ ችግኝ ረግጠው፣ ጋደም ብለው ያመሰኩ ነበር። ጋሹ እያለከለከ መጣ። ወይፈኖቹን አየ፣ ሸረፈዲንን አየ፣ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ።

«የኔ እንዳይመስሉህ» አለው። «ለማድለብ የተሰጡኝ ናቸው። የሐጂ መሕሙድ። የአማትህ መሆናቸው ነው እንግዲህ፤ አንተ ታውቃለህ።»

የቂሬው ዳኛ ሼህ የሱፍ ከሾላው ሥር ዘንጋቸውን ተደግፈው ዓርብ ዓርብ የሚጠይቁትን ጠየቁ። በዚህ ሳምንት ተራራው የገባ ከብት አለ? አለ፣ አለ ሸረፈዲን። የማን ነው?

በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ሽማግሌ ይዘው ሐጂ መሕሙድ ደጅ የሚቆሙት እኚሁ ሼህ የሱፍ ናቸው። ሐጂ መሕሙድ ነገሩን ከልጃቸው አፍ ሲሰሙ፣ የተራራ ዘበኛ ነው ወይ ብለው ሁለት ቀን አኩርፈው፣ እንባዋ ቢበዛባቸው ጊዜ «ይምጡ፣ እሰማለሁ» ከማለት በቀር ያሉት ነገር የለም። ያን ያህል ጠባብ በር ነው የተከፈተው። አሁን በዚያ በር ገብቶ፣ እርስዎ ዶማ ይያዙ ማለት በሩን በገዛ እጅ መዝጋት አይደለም?

«የኔ ናቸው» አለ ሸረፈዲን።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሸረፈዲን አንድ በሬና አንድ አህያ እንጂ ሌላ እንደሌለው ከሾላው ሥር የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ማንም አልሳቀም። ጋሹ መሬቱን በጣቱ ይጭራል። ሼህ የሱፍ ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና፣ የአንተ ከሆኑ እንግዲያ ቆፍር አሉት፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ። ሸረፈዲን ወደ ቤቱ ሲመለስ ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀለለው። ከቅለቱ በስተጀርባ ግን አንዲት ትንሽ ነገር፣ በጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር፣ እርምጃውን ትነካካው ነበር።

ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ቆፈረ። እንዲህ ያለ ቆፋሪ ሰንበሌጤ አይቶ አያውቅም። በየዶማው ምት ለይላን ያስባል፤ አንድ ቀን፣ ልጆች ከወለዱ በኋላ፣ እነዚህን ሦስት ጉድጓዶች እያሳየ ሊነግራት፣ እሷም ደንግጣ ልትስቅ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ያልማል። መዳፉ ተላጠ። መላጡም ደስ አለው።

ማክሰኞ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የፍየል ድምፅ ነው። አምስት ፍየሎች ተከልሎ ያደገው ሣር ውስጥ ገብተዋል፤ ባለቤታቸው እንየው ደግሞ ከድንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በእንጨት ይፍቃል። የማን ናቸው ቢለው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

«የሸረፈዲን ናቸው» አለ።

ከዚያች ሰዓት ወዲህ በሰንበሌጤ የታየ ከብት ሁሉ የሸረፈዲን ሆነ። ከሰዓት በኋላ የገባችው አህያም የሸረፈዲን ናት አሉ። ወጣቶቹ በመንገድ ሲያገኙት፣ ማሻአላህ፣ ከብትህ እኮ በዛ፣ ዘካውን አትርሳ ይሉታል። በቀልዱ ላይ መቆጣት አልቻለም፤ ቀልዱን የፈጠረው እሱ ነውና። ሁለት ዓመት የተጠበቀው ሣር በአንድ ሳምንት ሲያልቅ ታየው። ከሣሩ በኋላ አፈሩ፣ ከአፈሩ በኋላ ምንጯ።

ከሁሉ የባሰው ግን የእማ ሱዓድ ነገር ነበር። እማ ሱዓድ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት ፍየል ብቻ ያላቸው አሮጊት ናቸው፤ አምና ፍየሎቻቸው ገብተው ሦስት ቀን በገዛ እጃቸው ቆፍረዋል፣ ወገባቸውን በነጠላ አስረው። ያን ዕለት ምንጭ ላይ አገኙትና ጀሪካናቸውን እየሞሉ፣ ሳይቆጡ፣ እንደዋዛ ተናገሩት።

«ልጄ፣ ያኔ ለኔም የሚቆፍርልኝ ወዳጅ ባገኝ ምን ነበር» አሉት።

ሳይመሽ ጋሹ ከኩታበር ገበያ ሲመለስ በመኪና የተላከ ደብዳቤ ይዞለት መጣ። የለይላ የእጅ ጽሕፈት ነው፣ ወደ ግራ ጋደል የሚለው።

«ሸረፍ፣ ያልደወልኩልህ ድምፅህን ከሰማሁ እንደምለሰልስ ስለማውቅ ነው። የጋሹ ሚስት አትጠገብ ሁሉን ነግራኛለች። ሦስት ቀን እንደቆፈርክ ሰማሁ። እጅህ እንደተላጠም ሰማሁ። እሑድ የሚመጡትን ሽማግሌዎች አስቀራቸው። ለይላ።»

ሸረፈዲን ደብዳቤዋን ደጋግሞ አነበባት። እጅህ እንደተላጠም ሰማሁ የምትለዋ መስመር ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቆማል። የቆፋሪ እጅ ማለቷ ይሆን? ኮምቦልቻ ውስጥ የሐጂ መሕሙድ ወዳጅ ልጅ፣ ሂሻም የሚባል፣ ከባድ መኪና የሚያሠራ ሰው እንዳለ ጋሹ አንድ ጊዜ አውርቶለት ነበር። የሂሻም እጅ መቼም አይላጥም። ወረቀቷን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተታት።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረደ። ከደሴ ቁልቁል የሚወርደውን የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሲጨርሱ ሙቀቱ በመኪናው መስኮት ገብቶ ፊቱን መታው፤ ሁለት ዓመት የኖረበት ሙቀት ነው፣ ያውቀዋል። ለይላ የሥልጠናው አዳራሽ በር ላይ ስታየው ፊቷ በአንዴ በራና መልሳ አጠፋችው። ተከተለኝ አለችው። ፊትና ኋላ ሆነው፣ የፋብሪካ ፈረቃ የለቀቃቸውን ሠራተኞች እየሰነጠቁ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ወዳሉት የኪራይ ክፍሎች ወረዱ።

በመንገድ ላይ ሸረፈዲን ዝምታው አልቻል ብሎት ሂሻም ደህና ነው ወይ አላት። ለይላ ቆመች። የትኛው ሂሻም ብላ አሰበች፣ ከዚያ ገባትና ባትፈልግም ከንፈሯ ፈገግ አለ። ሂሻም አምና አግብቶ መንታ ልጆች ወልዷል፣ ሚስቱም ጓደኛዬ ናት አለችው። ሸረፈዲን በጣም አፈረ፤ እፍረቱ ግን ጣፋጭ ነበር።

ከአንድ ረድፍ የጭቃ ቤቶች ጀርባ ደረሱ። በግድግዳዎቹ ላይ፣ ከሰው ወገብ ትይዩ፣ ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ የክረምቱ ጎርፍ የደረሰበት ልክ ነው። ለይላ በጥፍሯ ፋቀችውና ቀዩን ትቢያ በመዳፏ ይዛ አሳየችው።

«ይህን አፈር ታውቀዋለህ?»

ሸረፈዲን ያውቀዋል። ቦርከና ከነሱ ተራሮች ጠርጎ ያወረደው፣ አባቱ ያረሰው አፈር ነው፣ ቢያንስ የሱ ወንድም።

«እዚህ ቤት የሚተኛው ሰው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ አንተ እንደነበርከው» አለችው። «የናንተ ተራራ ተከለለ አልተከለለ አያውቅም። የሚያውቀው ክረምት ሲገባ ፍራሹን ጣራ ላይ እንደሚሰቅል ነው። እኔ እናንተ ጋ ስመጣ ይህን አይቼ ነው የመጣሁት። ለሰው ሁሉ የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሉ ለሁሉም እኩል ነው ብያለሁ። አንተ ደግሞ የኔ ናቸው አልክ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ በአላህ ስም ምዬ የተናገርኩትን ቃል፣ ከቆፈርካቸው በአንዱ ጉድጓድ ቀብረህ አፈር መለስክበት። ያውም በፍቅር። እኔኮ አባቴን ፈርቼ አላውቅም ሸረፍ። አንተ ነህ በእኔ ፈንታ የፈራኸው።»

 ሸረፈዲን በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀው ንግግር ስለ ድህነቱ፣ ስለ እጁ፣ ስለ ሌላ ሰው ነበር። እሷ የተቆጣችው በድሃነቱ ሳይሆን፣ ከእሱ ትልቅ ነገር ጠብቃ ስላጣች መሆኑ አሁን ገባው። እንዲህ ያለ ቁጣ ከምስጋና ይበልጣል።

«አውፍ በይኝ» አላት ይቅርታዋን እየለመነ።

«አውፍ የምልህ እኔ አይደለሁም። እማ ሱዓድ ናቸው።» እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ሽማግሌዎቹን አስቀር ያልኩት ስለጠላሁህ መስሎህ ነበር? በውሸት ላይ ቆመው እንዳይለምኑኝ ብዬ ነው። እኔ በሐቅ መጠየቅ እፈልጋለሁ። ቢከለክሉኝም በሐቅ ይከልክሉኝ።»

 ለይላ ቦርሳዋን ከፈተችና ትንሽ ቫዝሊን አወጣች። እጁን ልትነካው አይገባምና፣ በመካከላቸው ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችለት፤ ከዚያ ሲቀባ ለማየት ዘወር ሳትል ቆመች። ሸረፈዲን ቀስ ብሎ ተቀባ። ማንም እጁን ይዞት የማያውቅ ያህል፣ መዳፉ በዐይኗ ተያዘ።

ዓርብ፣ ከሾላው ሥር፣ ሼህ የሱፍ ሳይጠይቁት ተነሣ። ያለፈው ዓርብ ዋሽቻለሁ አለ። ወይፈኖቹ የሐጂ መሕሙድ ናቸው፤ የደበቅሁት ልጃቸውን ስለምፈልግ ነው፤ እማ ሱዓድ፣ እርስዎን ከሁሉ በላይ አውፍ በሉኝ እላለሁ። ይህን ሲል ጆሮው ይጮህ ስለነበር መልሳቸውን በደንብ አልሰማም። አሮጊቷ ግን በእጃቸው ተቀመጥ፣ ተቀመጥ ሲሉት አየ። ከወደኋላ አንዱ ወጣት፣ በል እንግዲህ ከብቶችህን ሁሉ ሸጥካቸው አለና አሁን ሰዉ ሳቀ።

ሼህ የሱፍ ፍርዱን አላረዘሙትም። የቆፈርከው ሦስት ጉድጓድ ለውሸትህ ይሁንልህ፣ የሐጂ ቅጣት ግን እንዳለ ነው አሉ። ቅጣት ደግሞ በቂሬው ሥርዓት የሚነገረው በጠባቂው አፍ፣ በባለቤቱ ደጅ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው። ከዚያ ዘንጋቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ።

«እሑድ ሐጂ ዘንድ ቀጠሮ አለን» አሉት። «ለጋብቻ ከሆነ ጠያቂው እቤቱ ይቀራል። ለቅጣት ከሆነ ጠባቂው አብሮ ይሄዳል። አንተ ምን ሆነህ ነው የምትውለው?»

«ጠባቂ ሆኜ እሄዳለሁ» አለ ሸረፈዲን። ሲናገረው የገዛ ሠርጉን በገዛ እጁ ያፈረሰ መሰለው፤ ግን ካለፈው ዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ።

የሐጂ መሕሙድ ቤት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነው። እሑድ ጠዋት ግቢው ታጥቦ፣ ሳሎኑ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ተነጥፎበት፣ ሐጂ በነጭ ጀለቢያ ተቀምጠው ሽማግሌዎቹን ይጠብቁ ነበር። ሦስቱ አዛውንቶች ሰላምታ ሰጥተው ሲገቡ ከኋላቸው ሸረፈዲንን አዩ። ከመቼ ወዲህ ነው ጠያቂ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚመጣው? ቅንድባቸው ተቋጠረ። ከመጋረጃው በስተኋላ የሴቶች ሹክሹክታ ተሰምቶ ዝም አለ።

ተቀመጡ ቢሏቸው ሼህ የሱፍ አልተቀመጡም። ሁለት ጉዳይ ይዘን መጥተናል ሐጂ፣ የመጀመሪያው ቆመን የምንናገረው ነው፣ እሱም የኔ ሳይሆን የዚህ ልጅ ነው አሉና ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ።

ሸረፈዲን አንድ እርምጃ ቀረበ። «ሐጂ፣ ለጋሹ የሰጡት ሁለት ወይፈኖች የተከለለው ተራራ ገብተው ሣሩንም ችግኙንም አጥፍተዋል። በቂሬው ውል ከብቱ የገባበት ሰው ሦስት ቀን በገዛ እጁ ይቆፍራል። ወኪል አይልክም። ጠባቂው እኔ ነኝ፤ ይህን ልነግርዎት ነው የመጣሁ።»

 ሐጂ መሕሙድ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«ዕድሜዬ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እማ ሱዓድ የሚባሉ አሉ፣ እርስዎን ይበልጣሉ። ቆፍረዋል።»

«ልጄን የምትፈልገው አንተው አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ልጄን በምታስለምንበት ቀን ዶማ ያዙ ትለኛለህ?»

«ባለፈው የኔ ናቸው ብዬ ዋሽቼ ቆፍሬልዎት ነበር» አለ ሸረፈዲን። «ይከለክሉኛል ብዬ ፈርቼ። አሁን ግን ከዚያ የባሰ የሚያስፈራ ነገር አገኘሁ።» ምን እንደሆነ አልተናገረም፤ ዐይኑ ግን ሳያዘው መጋረጃው ላይ አረፈ።

መጋረጃው ተከፈተና ለእሑድ ዕረፍት ከኮምቦልቻ የመጣችው ለይላ ወጣች። ሽማግሌ ፊት እንዲህ መውጣት የልጃገረድ ወግ አይደለም፤ አንገቷን ደፍታ፣ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

«አባ፣ ቃሉ የኔ ነው» አለች። «የአባቴም ቢሆን አባቴ ይቆፍራል ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ።»

«ሳትጠይቂኝ ነዋ በእኔ የማልሽው?»

«እርስዎን ስለማውቅ ነው አባ።»

 ሐጂ መሕሙድ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን፣ ለአርባ ዓመት ጨርቅ የለካውን ለስላሳ እጅ፣ እያገላበጡ ተመለከቱት። ተነሥተው ለሼህ የሱፍ፣ ሁለተኛውን ጉዳይ ዛሬ እንዳታነሡብኝ አሉ። ቅጣት ያለበት ሰው ልጁን አይድርም፤ አይከለክልምም። ልጨርስና እሰማችኋለሁ። ይህ እሺታ ይሁን እምቢታ ከአዛውንቶቹ አንዱም አላወቀም። ለይላ ግን ወደ ውስጥ ከመመለሷ በፊት አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው። ሸረፈዲን በዚያች እይታ ከደሴ እስከ ኩታበር በእግሩ ቢሄድም አይደክመውም ነበር።

ሐጂ መሕሙድ ሰኞ ማለዳ መጡ። ቆብ አድርገው፣ የወንድ ልጃቸው የሆነ ቦቲ ጫማ ተጫምተው። የመንደሩ ሰው ሥራ እንዳለው ሰው እያስመሰለ በተራራው ግርጌ ተኮለኮለ። ጋሹ አላስቻለውም፤ ሐጂ፣ ወይፈኖቹን ልጥራልዎት፣ ያግዙዎታል አላቸው። ሐጂ ዶማቸውን እንዳነሡ፣ አንተ እያለህ ምን ወይፈን ያስፈልገኛል አሉት፤ ከዚያ በኋላ የሳቁት አብረው ነው።

ማገዝ ክልክል ነው። ሐጂ የሚያርፉት በየአሥር ዶማው ነው፣ ላባቸው በጢማቸው ይንጠባጠባል። በሁለተኛው ቀን እንየው ዶማውን ተሸክሞ መጣና ከጎናቸው ቆመ። ማንም ሳይጠይቀው፣ አምስቱ ፍየሎች የኔ ናቸው ብሎ መቆፈር ጀመረ። በሦስተኛው ቀን የአህያዋም ባለቤት ተገኘ። እማ ሱዓድ ከምንጯ በጣሳ ውሃ ቀድተው ለሐጂ አቀበሏቸው፤ ሐጂ ጠጥተው ጨረሱና ይህ ውሃ ድሮም በዚህ ወር ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ከቆፈርን ወዲህ ነው አሏቸው አሮጊቷ፣ እንደ እኩያ ቆፋሪ።

ለይላ ሥልጠናዋን ጨርሳ በዚያው ቀን ደረሰች። አባቷን አፈር ለብሰው ስታይ አፏን በሻሿ ያዘች፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ራሷም አላወቀችም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ሐጂ የመጨረሻዋን ዶማ አሳረፉና ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሼህ የሱፍ፣ ቅጣቴ አልቋል?»

«አልቋል ሐጂ። አላህ ይቀበልዎት።»

«እንግዲያ ሽማግሌዎቹን ጥሯቸውና እዚሁ አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ሁለተኛው ጉዳይ ምን ነበር?»

ጉዳዩ ሲነሣ ጠያቂውም ተጠያቂዋም መኖር የለባቸውም፣ ወጉ ነው። ሼህ የሱፍ ሁለቱን በዘንጋቸው ጫፍ ወደ ታች አመለከቷቸው። መንገዱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ለይላ ከፊት፣ ሸረፈዲን ከኋላ፣ በእርከኖቹ መካከል መውረድ ጀመሩ። ከላይ የአዛውንቶቹ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም።

«አባ ጉድጓዱን በክንድ እየለኩ ነው የቆፈሩት፣ አየሃቸው?» አለች ለይላ ሳትዞር። «እንደ አቡጀዲ ጨርቅ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከላይ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ተናገረ፣ ሌላው መለሰ፣ እንደገና ጸጥ አለ። ለይላ እርምጃዋን ቀነሰች። ሸረፈዲንም ቀነሰ። ይህን መልስ ሁለት ዓመት ጠብቆታል፤ አሁን ግን ሽማግሌዎቹ ነገሩን እንዲያስረዝሙት፣ አንዱ እንዲጠይቅ፣ ሌላው እንዲከራከር፣ ማንም ቶሎ እንዳይጠራቸው፣ ይህ ቁልቁለትም እንዳያልቅ ሲመኝ ራሱን አገኘው።